ፉል ቦርድ ወይስ የራስ ድስት? ስለ ክረምት ዕረፍት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንዲት እህት ስለ ቤተሰብ የክረምት ዕረፍት የጻፉትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጆቹን ይዞ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ የሚወርድ ሰው፣ ማዕድ ቤት ያለው ቤት ተከራይቶ ሽንኩርት ሲልጥ ከሚውል፣ ሪዞርት ገብቶ ቁርስ፣ ምሳና እራት ያካተተውን ፉል ቦርድ ይግዛ። ለዚህም ሰባት ምክንያት አቅርበዋል። ወጪው አስቀድሞ ይታወቃል። እናት ታርፋለች። የኪራይ ቤት ማዕድ ቤት ለስሙ ነው እንጂ አያሠራም። የሆቴል ምግብ ንጽሕናው የተጠበቀ ነው። ጊዜ ይተርፋል። ቡፌ ላይ ጾመኛውም ፍስከኛውም የሚስማማውን ያገኛል። ልጆችም ሲያድጉ የሚያስታውሱት መዋኛውን እንጂ ድስቱን አይደለም።

ለቤተሰብ አስበው እንደጻፉ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፤ እኔም የምመልሰው በዚያው ልብ ነው። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ሰባት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን፣ እናቴና ታናሽ ወንድሜ። አንድ ክረምት ሐዋሳ ቤት ተከራየን፣ በዓመቱ ፉል ቦርድ ገዛን፣ በሦስተኛው ዓመት ተመልሰን ቤት ተከራየን። ከሰባቱ ነጥቦች በአንዱ ላይ ጸሐፊዋ እውነት አላቸው። እሱን አሽሽቼ መጨረሻ ላይ ከማመጣው ከሱው ልጀምር።

«ዓመቱን ሙሉ ድስት ላይ የቆመች ሴት ሐይቅ ዳር ሄዳም ድስት ላይ ከቆመች፣ ዕረፍቱ የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ደርሶብኛል። በመጀመሪያው ዓመት የተከራየነው ቤት የማዕድ ቤቱ መስኮት ሐይቁን ያሳያል። ሦስት ቀን ሙሉ ሐይቁን ያየሁት በዚያች መስኮት ነው። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን ምስር ወጥና ጥብስ፣ ማታ ደግሞ ልጆቹ መኮሮኒ አማረን ብለው መኮሮኒ። ባለቤቴና ወንድሜ በረንዳ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ልጆቹ እግራቸውን ሳይጠርጉ እየገቡ «እማ፣ ደረሰ?» ይላሉ። እናቴ ልታግዘኝ ስትነሳ «ተቀመጪ እማዬ» እላታለሁ። ስንመለስ ሻሸመኔን እንዳለፍን ትልቋ ልጄ ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ታሳየን ጀመር። ጀልባው ላይ ሁሉም አሉ፤ እኔ የለሁም። ያን ጊዜ ዕንባዬ መጣ። መኪናው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ ፉል ቦርድ የገዛነውም ለዚህ ነው። የጸሐፊዋን መፍትሔ ጽሑፋቸውን ሳላነብ በፊት ወስጄዋለሁ ማለት ነው። ታዲያ አረፍኩ ወይ? ወጥ አልሠራሁም፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን ቡፌው ላይ በአንድ ክንዴ ሁለት ሳህን፣ በሌላው አንድ ሳህን ይዤ የምሰለፈው እኔ ነበርኩ። ለትንሹ ሥጋውን የምቆርጠው እኔ፣ የቱ ቅቤ እንዳለበት የቱ እንደሌለበት አስተናጋጁን እየጠየቅሁ ለእናቴ የምለየው እኔ፣ ቁርስ ሳይዘጋ ሁሉንም ከአልጋ የምቀሰቅሰው እኔ። ወደ ቤት በተመለስን ማግስትም ጠዋት ድስቱ ላይ የቆምኩት ያው እኔ ነኝ። ምግቡ ተገዛ እንጂ በቤታችን ማን ምን እንደሚሠራ አልተለወጠም።

ያጠፋው ማዕድ ቤቱ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለውን ልማዳችንን እንዳለ ጭነን 275 ኪሎ ሜትር ይዘነው መውረዳችን ነው። በሦስተኛው ዓመት ከመነሳታችን ሁለት ሳምንት በፊት ተቀምጠን ተነጋገርን። ቁርስ የባለቤቴ ሆነ። ምሳ የወንድሜ ሆነ። ዕቃ የሚያጥቡት ትልቋና መካከለኛው ልጄ። እራት የምሳው ትራፊ ነው፤ ካልበቃ ከውጭ ይገዛል። ለእኔ የቀረልኝ ቡና ማፍላት ብቻ ነው፣ እሱንም ለምኜ ነው የወሰድኩት፣ በረንዳ ላይ ከሐይቁ ፊት ለፊት ቡና መቁላት ለኔ ሥራ አይደለምና። እናቴ «ሽሮዬን ሌላ ሰው አይነካብኝም» አለች፤ ተውንላት። በመጀመሪያው ጠዋት ባለቤቴ ፍርፍሩን በርበሬ አብዝቶበት ልጆቹ ውሃ እየጠጡ በሉት። በማግስቱ አስተካከለው። በሦስተኛው ቀን «እንዴት ነው፣ ጨው አነሰው?» እያለ የሚጠይቀው እሱ ነበር።

የዕረፍት ምግብ የበዓል ምግብ አይደለም። በቀን አንድ ወጥ ይበቃል። እንጀራውን የሰፈሩ እንጀራ ጋጋሪ ጠዋት ትኩሱን ታቀብላለች። አቮካዶው ከይርጋለም በኩል የመጣ ነው፤ ለሁለት ከፍሎ ሎሚ ጠብ አድርጎ በዳቦ መብላት ምሳ ይሆናል። አሥር ዓይነት ካልቀረበ ቤተሰቡ የተራበ የሚመስለን ካለን፣ ያ ከኛው ጋር የመጣ ነገር ነው።

ስለ ጾሙ ጸሐፊዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ያለፉት፤ እኔ ግን አላልፈውም። «ቡፌው የጾምም የፍስክም ስላለው ሁሉም የሚስማማውን ያነሳል» ይላሉ። የኛ አገር የትምህርት ቤት ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ወደው የሚጾሙት ጾም። ትልቋ ልጄ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አስቀርታው አታውቅም። ስለዚህ በክረምት ለዕረፍት የሚወጣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከፍልሰታ ጋር ይገናኛል። የፍልሰታ ጾም ደግሞ ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሚበላም ነው። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ወደ ቅዳሴ የሚሄድ ሰው እህል የሚቀምሰው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አልፎ ነው።

በፉል ቦርዱ ዓመት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ስትመለስ 9 ሰዓት ተኩል ነበር። የምሳው ቡፌ በ8 ሰዓት ተኩል ተዘግቷል። ወደ ምግብ አዳራሹ ስንገባ የጠረጴዛ ልብሱን እየሰበሰቡ ነበር። አስተናጋጁ ልጅ አዝኖ ወደ ውስጥ ገባና ተመልሶ መጣ፤ ከማዕድ ቤቱ የተባለው ምሳ አልቋል፣ ከፈለጋችሁ ከሜኑ እዘዙ ነው። የከፈልንበትን ምሳ ሌላ ከፍለን ማለት ነው። እናቴ «ተዉት፣ አታስቸግሩ፣ ሻይና ዳቦ ይበቃኛል» አለች። የ71 ዓመት ሴት፣ ከማታ ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰች፣ ነጠላዋን እንዳደገደገች በሻይ ዳቦ እየነከረች በላች። ቁርሷን በሦስቱም ቀን አልበላችም፤ በሦስቱም ቀን ግን ተከፍሎበታል። አንዳንዱን ምሳ ተለምኖ በሳህን አስቀመጡላት፤ እሱም በረዶ ሆኖ ነበር። ስለ ሠራተኞቹ ክፉ አልናገርም፤ ትሑቶች ነበሩ። አሠራሩ ግን ለሚጾም ሰው አልተሰናዳም። ሆቴሉ ቡፌውን የሚዘረጋው ብዙው እንግዳ በሚበላበት ሰዓት ነው፤ ለአንዲት አሮጊት ብሎ እሳት ላይ አያቆየውም።

ጭልፋውም አለ። የጾሙ ምስርና የበግ ወጡ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሰው የአንዱን ጭልፋ አንስቶ በሌላው ሲቀዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሰው ክፋት አስቦ አይደለም። እናቴ ግን ካየች በኋላ ከዚያ ምስር አልበላችም። ሐላል ለሚጠብቅ የሙስሊም ቤተሰብም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ አብራን የወረደች የልጄ ጓደኛ እናት በፉል ቦርዱ ሦስት ቀን ሙሉ አትክልት ብቻ ነው የበላችው፣ የከፈለችው ግን እንደ ማንኛችንም ነው።

በሦስተኛው ዓመት የወረድነው ሐምሌ 28 ነበር፣ የተመለስነው ነሐሴ 3። የጾሙን ድስት፣ ማማሰያና መጥበሻ ለብቻ ቀይ ክር አስረን ይዘን ሄድን። ነሐሴ 1 ቀን እናቴና ትልቋ ልጄ ከቅዱስ ገብርኤል ቅዳሴ ሲመለሱ ሽሮው በሸክላ ድስት ከከሰሉ ላይ ገና እየተንተከተከ ነበር። ሽሮዋን ጠዋት ራሷ ቀምማ አሰናድታ ወጥታለች፤ እሳቱን የጠበቀው ወንድሜ ነው። ነጠላዋን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ጸልያ ቁጭ ስትል ሰዓቱን ያየ ሰው አልነበረም። ቡፌውን ከዚህ ጋር ነው የማወዳድረው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ጸሐፊዋ «ፉል ቦርድ ስትገዛ ወጪህን አውቀህ ትገባለህ፤ ድንገተኛ የለም» ይላሉ። በብዙ ሆቴልና ሪዞርት የሚነገረው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመርበታል፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። ሁለቱ ተደምረው 25 በመቶ የሚሆኑ ይመስላል፤ ቫቱ በሰርቪስ ቻርጁም ላይ ስለሚታሰብ ግን 26.5 በመቶ ነው። ለስሌት እንዲመች አንድ ሳህን 1,000 ብር ነው እንበል። ሰርቪስ ሲጨመር 1,100፣ ቫት ሲጨመር 1,265 ብር። ቁርስ አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋው ጋር ስለሚመጣ እሱን እንተወውና ምሳና እራቱን ብቻ እንቁጠር። አራት አዋቂ፣ ሦስት ልጅ፣ ልጆቹ በግማሽ ዋጋ፣ ለሦስት ቀን፤ 33 ሳህን ይመጣል። ድምሩ 41,745 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 8,745 ብሩ ሲደወልልን ያልተነገረን ጭማሪ ነው። ውሃና ለስላሳ፣ ማኪያቶና የልጆች ጭማቂ ብዙውን ጊዜ ለብቻ ይታሰባሉ። ስለዚህ በስልክ ሲነግሯችሁ «ቫትና ሰርቪስን ጨምሮ ነው? መጠጥስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የማይወድ ሆቴል ካለ ከዚያው መልሱን አገኛችሁ።

ፉል ቦርድ ዋጋው የሚወጣው በመካከለኛ በላተኛ ልክ ነው። ብዙ የሚበላ ወጣት ያተርፍበታል፣ ትንሽ የሚበላ ይከፍልለታል። ያልተበላ ምግብ ገንዘቡ አይመለስም። የሕፃን ልጅ እናት፣ ሽማግሌ፣ ጾመኛ፣ ስኳር ያለበት ሰው ያለበት ቤተሰብ ሁሌ ከፋይ ነው። የኛ ቤተሰብ እነዚህን አብዛኞቹን አንድ ላይ ይዟል።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ አንድ ላይ የጠቀለሏቸውን ሁለት ቦታዎች ለያይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ላንጋኖ ሌላ ነው፣ ሐዋሳ ሌላ ነው። ላንጋኖ ዳር ካሉት ማረፊያዎች ብዙዎቹ ከዋናው መንገድ ገባ ብለው፣ ከከተማ ርቀው የተሠሩ ናቸው። ደጁን ብትወጣ የግራር ዛፍና አሸዋ ነው፤ የረሳኸውን ሽንኩርት ለመግዛት መኪና ማስነሳት አለብህ። እዚያ የምግብ ጥቅሉ ትርጉም አለው። ሐሳቡ በዓለም የተስፋፋውም በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው፤ ክለብ ሜድ የሚባለው የፈረንሳይ የዕረፍት ድርጅት በ1950 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማዮርካ ደሴት ላይ ሲጀምር እንግዶቹ በድንኳን ነበር የሚያድሩት፣ ምግቡም አብሮ ተከፍሎበት። ሐዋሳ ግን ከተማ ናት። ገበያ አላት፣ ዳቦ ቤት አላት፣ ሥጋ ቤት አላት፣ ሐይቁ ራሱ ምግብ አለው። ይህን ሁሉ ከግቢው አጥር ውጭ ትቶ በተከፈለ ምግብ መታሰር የላንጋኖን ልክ ለሐዋሳ መስፋት ነው።

ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው ለአንድ ሌሊት ለሚወርዱ፣ ወይም ለሙሽሮች፣ ቤት መከራየትና ሸቀጥ መግዛት አያዋጣም። ለእነሱ የጸሐፊዋ ምክር ይሠራል። የኔ ክርክር ለቤተሰብ ነው፣ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ለሚቆይ።

ስለ ማዕድ ቤቱ ዕቃ ብዙ የምለው የለኝም። እውነት ነው፣ የኪራይ ቤት ቢላዋ ቲማቲም አይቆርጥም። ቢላችሁንና መክተፊያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ቡናና ጀበና ከአንድ ካርቶን አይበልጡም። ከመክፈላችሁ በፊት ለአከራዩ ደውሉና ሲሊንደሩ ጋዝ አለው ወይ፣ ፍሪጁ ይሠራል ወይ፣ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ፎቶ እንዲልክም አድርጉ። መብራት ሲሄድ የከሰል ምድጃ ያወጣል። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ፓፓያ ከመቂ እስከ ባቱ መንገድ ዳር ስለሚሸጥ ከአዲስ አበባ መጫን አያስፈልግም።

«ሆቴል ቢያንስ ንጹሕ ነው፤ ልጅ አይታመምብህም» ለሚለው፦ ብዙ ሆቴሎች ይጠነቀቃሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ንጽሕና በነጭ ጨርቅ አይለካም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም ማዕድ ቤት ያወጣው ምክር ግልጽ ነው፦ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይቆይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ቡፌ ላይ ከሥር ያለችው እሳት ጠፍታ ወጡ ላዩ ሲረጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚበላው እሱን ነው። በራሴ ማዕድ ቤት ግን ምግቡ ከእሳት ወርዶ ሳህን ላይ እስኪደርስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ዓሣውም መቼ ከውሃ እንደወጣ አውቃለሁ።

ይህንን ዓሣ ደግሞ ከጊዜው ነጥብ ጋር ነው የማነሳው። ጸሐፊዋ «ገበያ መሄድና ማብሰል የዕረፍትን ቀን ይበላል» ይላሉ። ሐዋሳ ገብቶ ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ በማለዳ ያላየ ሰው ምን እንዳየ አላውቅም። ሐምሌ 29፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከወንድሜና ከመካከለኛው ልጄ ጋር ወረድን። ገና ብርሃን መሆኑ ነው፤ ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር። መረቡን ወደ ዳር ሲጎትቱት ቆሮሶዎቹ መረቡ ውስጥ እንደ ብር ሳንቲም ያብለጨልጫሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው መሐል ሳይፈሩ ቆመዋል፤ ረጅም ናቸው፣ ትንሹን ልጅ የሚያክሉ፣ አንጀቱ ሲወረወርላቸው በአፋቸው ይቀልቡታል። ልጄ እጄን አጥብቆ ያዘኝ፣ ቆይቶ ለቀቀኝ፣ ቆይቶ ደግሞ ወፏን በደንብ ሊያያት ተጠጋ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ።

አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ዓሣ ሲገዛ ምን እንደሚታይ ለወንድሜ አሳዩት። ዓይኑን እይ፣ የጠራና ጎላ ያለ ይሁን። ስንጥቡን ገልጠህ እይ፣ ቀይ ይሁን። ሥጋውን በጣትህ ጫን አድርግ፣ ጉድጓዱ ተመልሶ ከሞላ ትናንት ያደረ አይደለም። ልጄም እያንዳንዱን ዓሣ ጫን እያደረገ «ይኼኛው ይመለሳል፣ ይኼኛውም ይመለሳል» እያለ አሥር ቆሮሶ መረጠ። አንድ አምባዛም ጨመርን። እዚያ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ቢላዋ ይዘው ቆዳውን ሲገፉ እጃቸው አይታይም። ጭንቅላቱንና አጥንቱን አንጥልም አልናቸው፤ ለሾርባ ነው። አንዳንዱ እዚያው በዳጣ ጥሬውን ይበላል፤ ለልጆች ግን አልፈቀድኩም።

1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ነበርን። የአጥንቱን ድስት ጥደን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ጨምረን ተውነው።  ወንድሜ ቆሮሶዎቹን ከጎንና ከጎን በቢላ ሰነጠቃቸው፣ ጨውና ሎሚ አሻቸው፣ በፈላ ዘይት ለቀቃቸው። የስንጥቁ ጠርዝ ወርቃማ ሆኖ ተገልብጦ ሲከፈት ያለውን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ሰባታችን በአንድ ሰፌድ ዙሪያ በእጃችን በላን። ማንም ስልክ አላነሳም፣ እጃችንን ዘይት ስለነካው እንኳ ቢሆን።

ይህ ማለዳ ከዕረፍታችን የተቀነሰ ጊዜ ነው? ለኔ ዕረፍቱ ራሱ ይህ ነበር። በፉል ቦርዱ ዓመት ሐዋሳ ሦስት ቀን ሰንብተን ከሐይቁ ዓሣ የበላነው አንድ ቀን ነው፣ እሱም በዱቄት ተለውሶ የየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ። ሌላው ቀን ፓስታ፣ ሩዝና የዶሮ አሮስቶ ነው፤ ይህ ቦሌም አለ።

የሰዓቱም ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ፉል ቦርድ ቀኑን በሦስት ይቆርጠዋል። ቁርስ እስከ 4 ሰዓት፣ ምሳ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል፣ እራት ከ1 ሰዓት ጀምሮ። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ወርደን ልጆቹ ከውሃው አንወጣም ሲሉ፣ ባለቤቴ ሰዓቱን እያየ «ምሳ ያልፍብናል፣ ተከፍሎበታል» እያለ ጎትተን አወጣናቸው። ያን ቀን የት እንደምንውል የወሰነው ቡፌው ነው። ታቦር ተራራ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ፈልገን የእራት ሰዓት አይመቸንም ብለን ተውነው። በድስቱ ዓመት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዘን ወጣን፤ ጨለማ እስኪሆን ተቀመጥን።

የመጨረሻው ነጥባቸው የልጆች ትዝታ ነው። መዋኛውን ያስታውሳሉ፣ እውነት ነው፤ የኔም ልጆች አልረሱትም፣ ሰማያዊ መንሸራተቻ ነበረው። ነገር ግን መካከለኛው ልጄ ባለፈው ወር ወንድሜ ቤት የዓሣ ቅርፊት ሲገፈፍ አይቶ «ከጭራው ወደ ራሱ ነው የሚሄደው፣ በተቃራኒው ከሆነ ይንሸራተታል» ብሎ ቢላውን ተቀበለው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማን አስተማረህ ሲሉት «አሞራ ገደል» አለ። ትልቋ ደግሞ የአያቷን ሽሮ አቀማመም በደብተሯ ጽፋለች፤ ያንን በረንዳ ላይ፣ ሐይቁ እየታየ፣ ጎንበስ ብላ የጻፈችውን ገጽ የዘይት ጠብታ ነክቶታል። ከሜሪላንድ የመጣችው እህቴ አንብባው ፎቶ አንስታ ወሰደችው።

ጸሐፊዋ ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ «ዘንድሮስ ድስቱን ቤት ትተን እንሂድ» ብለዋል። ዘንድሮም ሐምሌ 28 እንወርዳለን፤ ቤቱ ያው ነው፣ ቀብድ ከፍለናል። ቁርስ በዚህ ዓመት የወንድሜ ነው፣ ባለቤቴ ምሳውን ልቀበል ብሏል። ቀይ ክር የታሰረበት ድስት ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዷል። እናቴ የሽሮውን አተር ከአሁኑ ለቅማ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።